ውዳሴ ለ«ተጨማሪ 14 ቀን»

ሥራውን የሚወድ ሰው ደስ ይለኛል። የእኛ መርማሪ ፖሊሶች ምርመራን ከመውደዳቸው የተነሳ እንዲያልቅባቸው አይፈልጉም። ይህን ፍቅር የሚረዳ ሰው ግን የለም። ተጠርጣሪውማ ጭራሽ አይገባውም፣ እሱ ቤቴ ልግባ ነው የሚለው።

ፖሊስ ተጠርጣሪውን አስሮ ለመመርመር ቀን የሚጠይቅበት የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ገብታችሁ የማታውቁ ብዙ አምልጧችኋል። መርማሪው ፋይሉን ታቅፎ ይቆምና «የምስክሮች ቃል መቀበል ይቀረናል፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮች አሉ፣ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት አልደረሰልንም፣ በዋስ ቢወጣ ማስረጃ ያጠፋብናል፣ ስለዚህ ተጨማሪ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። በቀጠሮው ቀን ያው ሰው፣ ያው ፋይል፣ ያው ንግግር። ዳኛው ቆጣ ብለው «ባለፈው በተሰጣችሁ ጊዜ ምን ሠራችሁ?» ይላሉ። ከተቆጡ በኋላ 10 ቀን ይፈቅዳሉ። አራት ቀን ተቀነሰ እኮ፣ ፍትሕ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ጠበቃው ብቻ «ሰነዱም ስልኩም ፖሊስ እጅ ነው፣ ደንበኛዬ ምኑን ነው የሚያጠፋው?» እያለ ሰው ያሰለቻል።

ሕጉንም ማመስገን አለብን። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም ይላል። ስንት ጊዜ ይሰጣል የሚለውን ትቶታል። በዚህች ቀዳዳ ስንት ሰው ስንት ወር እንዳለፈባት ቤተሰቡ ያውቃል፤ በየቀኑ ምግብ ይዞ ጣቢያ በር ላይ የሚሰለፈው እሱ ነው።

በ2010 ለውጥ መጣ ሲባል፣ ከእንግዲህ አስሮ ማጣራት ቀረ፣ አጣርቶ ማሰር ነው ተብሎን ነበር። እኛም አጨበጨብን። ጭብጨባው ነው መሰል ፖሊስን ያዘናጋው።

ዋስትና የተፈቀደለት ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው። ዘመድ ብር አሰባስቦ፣ አስይዞ፣ የመፍቻ ትእዛዙን ይዞ ጣቢያ ሲደርስ «ይግባኝ ብለናል» ይባላል። ወይም በሩ ላይ የሌላ ጣቢያ መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ችሎት፣ እንደገና «ምርመራ ጀምረናል»። መንግሥት ትራንስፖርት የሚያቀርብለት ዜጋ ስንቱ ነው?

ማስረጃውስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። መብቱማ አለ። ግን አንዳንዱ ተከሳሽ የምስክሩን ማንነት አያውቀውም፣ «ለምስክሮች ደህንነት» ተብሏል፤ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ይሰማል፣ ጠበቃውም ለድምፁ መስቀለኛ ጥያቄ ያዘጋጃል። የምር የሚያሰጋው ምስክር የለም አልልም፣ የጥበቃ አዋጁም የወጣው ለእሱ ነው። መጋረጃው ግን ሲጋረድ ደስ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ምቀኞች ለጊዜ ቀጠሮ ጣሪያ ይበጅለት፣ መርማሪው የሠራውን በጽሑፍ ያቅርብ፣ ዐቃቤ ሕግም ተከሳሹን የሚጠቅመውን ማስረጃ ጭምር ከክሱ ጋር ይስጥ ይላሉ። አስቡት እስቲ! እንዲህ ከሆነማ ፖሊስ ሰው ከመያዙ በፊት ማስረጃ ሊፈልግ ነው። በዚህ ፀሐይ?