ካሜራው ረከሰ ብላችሁ ሥራውን አታርክሱት

የሐዋሳ ልጆች፣ በፊልም ሥራ የተሰማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፊልም አይታችሁ የምትፈርዱ ወገኖችም፣ ይህን ተግሳጽ በፍቅር ተቀበሉን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል በሐይቅ ዳር የሚጓዝ ሰው ስልክ በትራይፖድ ላይ ሰክቶ የሚቀርጽ ወጣት ሳያይ አያልፍም። በዚህ ደስ ይለናል። የሚያሳዝነን ግን ከተቀረጸው ውስጥ ብዙው ለተመልካች ሳይበቃ መቅረቱ ነው። በካሜራው አታሳብቡ።

በሴሉሎይድ ዘመን 305 ሜትር ርዝመት ያለው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሽከረከር 11 ደቂቃ ብቻ ነበር የሚቆየው። ያ ፊልም ውድ ነበርና ተዋናዩ ቃሉን ሳያጠና፣ መብራቱ ሳይለካ ካሜራ አይከፈትም ነበር። ዛሬ 256 ጊጋባይት ሜሞሪ ጥሩ ጥራት ያለው ምስል ከ5 ሰዓት በላይ ይይዛል። ቀድሞ ለ2,000 ዋት መብራት ጀነሬተር ይከራዩ ነበር፤ ዛሬ 200 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ በባትሪ ይሠራል። እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያለ ኤዲቲንግ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ተመልካቹ ጥቂት ነው ተብሎ ገንዘብ ያጣ የነበረ በሲዳምኛ የተጻፈ ድራማም ዛሬ ሊሠራ ይችላል። ይህ ሁሉ በረከት ነው። እናንተ ግን ወጪው ሲቀር ዝግጅቱንም አብራችሁ አስቀራችሁት። ካሜራ ተከፍቶ ቃል የሚጠና፣ 20 ጊዜ ተቀርጾ አንዱም የማይሆን ትዕይንት የበዛው ለዚህ ነው።

ከመብራት እንጀምር። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ብዙው አምፖል ለዓይን ሳይታወቅ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ብዙ ስልክ ግን ከሳጥኑ ሲወጣ በሴኮንድ 30 ፍሬም እንዲቀርጽ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ሻተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/60 ሴኮንድ ላይ ከዋለ ከመብራቱ ጋር አይገጥምም። በምስሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተተው ጥቁር መስመር ከዚህ ይመጣል። ኤዲተራችሁን አትቆጡት፤ በኋላ ማጽዳቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መድኃኒቱ ከመቅረጽ በፊት ነው፦ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ወይም 1/100። ስልኩ በራሱ ካሜራ ይህን አልፈቅድ ካለ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ይፈቅዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ስልክ እንደ ብርሃኑ ሁኔታ የፍሬሙን ቁጥር በራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ለብቻው የተቀዳ ድምፅ ቀስ በቀስ ከአፍ ይለያል፤ ቁጥሩን ቆልፋችሁ ከቀረጻችሁ ይህ ጣጣ አይመጣባችሁም። ነጭ ሚዛኑንም (ካሜራው ቀለምን ከብርሃኑ ጋር የሚያስማማበትን ቅንብር) በቀን ብርሃን 5,600 ኬልቪን ላይ ቆልፉት። አለዚያ ቢጫ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር የተዋናዩ ፊት ቀለሙን ይቀይራል።

ውጭ ስትቀርጹ 1/50 በጠራራ ፀሐይ ምስሉን ያነጣዋል፤ የስልክ ሌንስ ቀዳዳው አይጠብምና። ሻተሩን ወደ 1/2000 አትሩጡበት፤ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ከሌንሱ ፊት ኤንዲ 64 የሚባለውን ጠቆር ያለ ማጣሪያ አድርጉ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች ዓይን ጉድጓድ ይመስላል፤ በዚያ ሰዓት ጥላ ስር ወይም ቤት ውስጥ ሥሩ። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይም ወደዚያው ትጠልቃለች። ነገር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከጠለቀች በኋላ ያለው መልካም ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ተዋናዮቹን 11 ሰዓት ላይ አልብሳችሁ፣ አስጠንታችሁ ካልጠበቃችሁት ጥላችሁ ይሄዳል።

አሁን ወደ ከባዱ በደላችን እንምጣ፤ ድምፅ ነው። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። እናንተ ለድሮን ገንዘብ አዋጥታችሁ ለማይክ ትሰስታላችሁ። ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ከአፍ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይቀንሳል። ከደረት ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ የተሰካ ማይክን ትታችሁ 3 ሜትር ርቆ በቆመ ስልክ ስትቀዱ 24 ዴሲቤል ያህል ታጣላችሁ። ያንን ለመመለስ ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ባጃጁም፣ ነፋሱም፣ የጎረቤት ዶሮም አብሮ ከፍ ይላል።

ቤት ስትመርጡ መሐል ክፍሉ ላይ ቆማችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ተመልሶ ከጮኸ ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳው ንግግሩንም እንዲሁ ያደርገዋል፤ ብርድ ልብስና ጋቢ ከካሜራው ጀርባ ስቀሉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርጉ። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት አትከራዩ፤ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅዳሴና የመስጊዱን አዛን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁና የቀረጻ ፕሮግራማችሁን በዚያ ልክ ሥሩ፤ የሰፈሩ ጸሎት ፊልሜን አቋረጠብኝ ብሎ መማረር ነውር ነው። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፤ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቁልፉን ሳታወጡ አትሄዱምና የባለቤቲቱ ሥጋ አይበላሽም። ጀነሬተር ካለ ከሕንፃው ጀርባ አርቁት። ድምፅ ቀጂው ሄድፎን ሳያደርግ አይቅዳ። ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይዋል፤ ዜሮን ከነካ የተቀደደው አይሰፋም። ከየትዕይንቱ በኋላም ሁሉም ዝም ብሎ ባለበት ይቁምና የክፍሉን ጸጥታ ለ30 ሴኮንድ ቅዱ፤ ኤዲተሩ ቁርጥራጩን የሚሰፋበት ክር ያ ነው።

«ግድ የለም፣ በኋላ አርተፊሻል ኢንተለጀንስ ያጸዳዋል» የምትሉ ይህን ስሙ። ማጽጃው በልክ ሲሠራበት መልካም ነው። በኃይል ሲጫኑት ግን ጫጫታውን ከቃሉ ጫፍ ጋር ይበላል፤ የ«ጠ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ጨ» ፍንጥቅታ ይደክማል። አማርኛ ደግሞ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። «ዋና» ላልቶ የሐይቁ ዋና ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ዋናው ጉዳይ። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ግን ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፈውም፤ ስለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማሽን በግምት ያነበዋል፣ ሲስትም ትዕይንቱን ያፈርሰዋል። ተዋናይ ከፍላችሁ አስነብቡ።

ከዚህ የሚብሰው የሰውን ድምፅ ሰርቆ መገልበጥ ነው። የጥቂት ደቂቃ ቅጂ ካለ ማሽኑ የተዋናዩን ድምፅ አስመስሎ ያልተናገረውን ያናግረዋል። ፕሮዲውሰሮች፣ በውላችሁ ውስጥ «ድምፅና መልክ ከዚህ ፊልም ውጭ በማሽን አይገለበጥም» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ተዋናዮች፣ ያ አንቀጽ ከሌለ አትፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ደራሲውን ብቻ አይደለም፤ ለከዋኙም (ለተዋናዩም) መብት ሰጥቷል። ፖስተር በማሽን የምታሠሩም ምስሉን ብቻ ውሰዱ፤ ጽሑፉን በእጃችሁ ጻፉ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ግን ያልሆነ ነገር ይሥላል፤ ያንን በአደባባይ መስቀል ለግዕዝ ፊደል ንቀት ነው። የግርጌ ጽሑፍ ስትሠሩም በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) ጻፉ፣ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡ፤ ይህን የዘለለ ሰው ፊልሙን በሌላ ኮምፒውተር ሲከፍተው በፊደል ፈንታ የማይነበብ ምልክት ሊደረደርበት ይችላል።

ድሮንን በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፦ ያለ ፈቃድ አታንሱ፤ በሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ አታንሱ፤ ዓሣ በሚበለትበት በአሞራ ገደል ሰማይ ላይ ፈጽሞ አታንሱ፤ ወፉ ብዙ ነው።

ተመልካቾችም ከወቀሳው አታመልጡም። አዳራሽ ገብቶ ፊልሙን በስልክ ቀርጾ በቴሌግራም የሚለቅ ሰው ከመካከላችሁ ነው፤ ያንን ተቀብሎ ለ10 ጓደኛ የሚያስተላልፍም እንዲሁ። የሚቀጥለው ፊልም የድምፅ ባለሙያ የሚያጣው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ስለ ማስቀመጥ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ ምስል በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። 20 ሰዓት የቀረጸ ሰው 900 ጊጋባይት አለው ማለት ነው፤ ሦስት ቅጂ ደግሞ ወደ 2.7 ቴራባይት ይደርሳል። ይህን ሒሳብ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ሥሩ። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፤ ለምሳሌ ዘመድ ጋ። ሜሞሪው ላይ ያለው ተገልብጦ፣ ከየፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ተከፍቶ ሳይታይ ፎርማት አታድርጉ። በመገልበጥ ላይ እያላችሁ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይኑራችሁ።

በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉትን የቪኤችኤስ ካሴቶችም አስቡ። የሠርግ፣ የልቅሶ፣ የፊቼ ጨምበላላ በዓል፣ የሰፈር ድራማ ተቀርጾባቸዋል፤ የማግኔት ቴፕ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይደክማል። ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ያያችሁበትን ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡ፤ ሻጋታው ወደ ማጫወቻው ራስ ተዛምቶ ንጹሑንም ያበላሻል። ንጹሑን መጀመሪያ እስከ ጫፍ አሽከርክራችሁ መልሱት፣ ከዚያ በካፕቸር ካርድ (የካሴቱን ምስል ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ መሣሪያ) በ720 በ576 ፒክሰል፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ገልብጡ። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ከተገለበጠ በኋላም ካሴቱን አትጣሉ፤ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከስፒከር አርቃችሁ፣ ደረቅ ቦታ አኑሩት። የሚሠራ ማጫወቻ በቤታችሁ ካለ ደግሞ ለቆራሌው አትስጡ፤ የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን ካቆመ ወዲህ አዲስ የሚሠራ ፋብሪካ የለም።