ጥይት ሲጮህ ለሚያጨበጭቡልን ረጅም እድሜ

ቅዳሜ ማታ ሲኒማ ገብቼ ነበር። ፊልሙን ማብራራት አያስፈልገኝም፣ አይነቱን ታውቁታላችሁ፣ የድሃ ሰፈር ልጆች፣ ሽጉጥ፣ አምፖሉ የሚርገበገብ ኮሪደር፣ ከሩቅ የፖሊስ ሳይረን። አንድ ቦታ ላይ የ15 አመት ልጅ ደረጃ ላይ ተመትቶ ይወድቃል። ከኋላዬ ያለው ረድፍ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጨበጨበ። በደንብ፣ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ጎል እንደገባ። አንዱማ «በለው! የእጁን ነው ያገኘው!» አለ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ፊልሙ ራሱ ገና አልነገረንም እኮ፣ ሰውዬው ግን ከስሶ፣ ምስክር ሰምቶ፣ ፈርዶ ጨርሷል። እንዲህ የሚፈጥን ፍርድ ቤት ቢኖር የት በተደረሰ።

ቀጥሎ እናትየው ትመጣለች። አትጮህም። ልጇ አጠገብ ቁጭ ትልና የተፈታ የጫማ ክሩን ታስርለታለች፣ አሰረችው፣ አልጠበቀም መሰላት መልሳ ፈታችው፣ ድጋሚ አሰረችው። ሙዚቃ የለም፣ ምንም የለም። እዚህ ጋ ጀግኖቼ ስልካቸውን አወጡ፣ ከፊቴ ብቻ አራት ስክሪን ቆጥሬአለሁ። አንዷ «ኧረ ተንዛዛ» አለች። እውነቷን ነው፣ ልጁ የሞተው በሁለት ሰከንድ ነው፣ ለቅሶው ሁለት ደቂቃ የሚፈጅበት ምክንያት ምንድነው፣ ሰው ስራ አለው። መብራቱ ሲበራ ደሞ ሁሉም አንድ አይነት ግምገማ ይዞ ወጣ፣ «ፊልሙ ግን ሪያል ነው!»

ሪያል። ይቺን ቃል እንዴት እንደምወዳት። ሽጉጥ የሚባል ነገር በስክሪን ካልሆነ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ማታ አስር ጊዜ በሩ መቆለፉን አረጋግጦ የሚተኛ ሰው፣ ሪያል መሆኑን በምን አወቅክ ብትሉት መልስ አለው፣ ካየው ሌላ ፊልም ጋር አመሳክሮ ነዋ። ብራዚሎቹ በፈረንጆቹ 2002 የወጣውን ሲቲ ኦፍ ጎድ የሚባል ፊልም ሲሰሩ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ድሃ ሰፈሮች ልጆች ሰብስበው፣ አብዛኞቹ ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ፣ ወራት የፈጀ ልምምድ አድርገው ነው፣ የሰፈሩ ኑሮ ውሸት እንዳይመስል ተብሎ ያ ሁሉ ድካም። የኛ ሰው ግን 130 ደቂቃ ተቀምጦ ይነሳና ከሰፈሩ ልጆች በላይ ሰፈሩን ያውቀዋል። ተሰጥኦ ነው ይሄ፣ ዝም ብሎ አይገኝም።

ከሁሉም የምኮራበት ግን አንድ ወዳጄ ነው። አምና አንድ ፊልም ልናይ አብረን ሄድን፣ ዋናው ሰውዬ የሰፈሩ ጉልቤ ነው፣ በልጅነቱ እግሩን በጥይት ተመትቶ ያነክሳል። ወዳጄ የሂሳብ ሰራተኛ ነው፣ 34 አመቱ፣ በህይወቱ ደርሶበት የሚያውቀው ትልቁ ጥቃት ስቴፕለር አውራ ጣቱን የወጋው ቀን ነው፣ ለሱም ሁለት ቀን ፋሻ አስሮ ዞሯል። ፊልሙ አልቆ ስወጣ መኪናው ጋ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁትና ወደኔ ሲመጣ አየሁት፣ ያነክሳል። እግሩ ደንዝዞ ነው ብዬ አለፍኩት። ሰኞም አነከሰ። ማክሰኞም። ኮፍያ ያለው ሹራብ ገዛ፣ ኮፍያዋን ቢሮ ውስጥ ሳይቀር አናቱ ላይ ጣል አርጎ ኢንቮይስ ይመዘግባል። «ወንድሜ ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት ወደ መስኮቱ ዞሮ ትንሽ ዝም ይልና «ብዙ ነገር አለ» ይላል። ምንም ነገር የለም። አብረን ነው ያደግነው፣ ምንም ነገር የለም።

ችግሩ የትኛው እግሩ እንደተመታ ይረሳል። ጠዋት ግራውን ያነክሳል፣ ከምሳ በኋላ ቀኙን። አለቃው ስትጠራው ሁለቱንም ረስቶ ይሮጣል፣ ሲመለስ ነው ትዝ የሚለው። አንድ ቀን ደረጃ እየወረደ ግራ ገብቶት መሰለኝ ሁለቱንም ባንዴ አነከሰና ወደቀ። እናቱ ተጨንቀው ራጅ አስነሱት። ሀኪሙ ራጁን ወደ መብራት ቀስሮ አየና አጥንትህ ጤነኛ ነው አለው፣ ወዳጄ ታዲያ «በራጅ የማይታይ ቁስል አለ ዶክተር» ብሎ ሰውዬውን ዝም አሰኘው። እንዲህ እያለ ስምንት ወር አነከሰና በስምንተኛው ወር ወገቡን የምሩን አመመው፣ በቃ ተበላሽቷል፣ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ይሄዳል። ፎርሙ ላይ «የህመሙ መንስኤ» የምትል መስመር አለች፣ የምታክመው ልጅ እስክሪብቶዋን ይዛ ስትጠብቀው «ሰፈር» ብሎ አስሞላት።

እንግዲህ እነዚህን ፊልሞች የሚሰሩ ሰዎች ምን አስበው እንደሚሰሩ አይገባኝም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆን ሲንግልተን ቦይዝ ን ዘ ሁድ የሚባለውን ፊልም በፈረንጆቹ 1991 ሲያወጣ የ23 አመት ልጅ ነበር፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያደገበትን አካባቢ ነው የሰራው። ፊልሙ ገና ሲጀምር ከ21 ጥቁር አሜሪካዊ ወንዶች አንዱ በሰው እጅ ይገደላል የሚል ጽሁፍ ያሳያል፣ ሲጨርስ ደሞ ሰላም ይብዛ ብሎ ይጽፋል። ከዚህ በላይ ምን ይበል፣ ቤት ለቤት እየዞረ በር ያንኳኳ? ፊልሙ በተከፈተበት ሰሞን አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ላይ ተኩስ ነበር። ሰላም ይብዛ እንኳ እየተተኮሰበት ነው የታየው።

ቅዳሜ ደሞ ከጎኔ አንድ አባት ከነልጃቸው ነበሩ። ልጁ ስድስት ቢሆነው ሰባት ነው፣ እግሩ ወለል አይደርስም። ያ ደረጃ ላይ የወደቀው ልጅ ሲመታ አባትየው ዝም፣ ደሙ በደረጃው ሲወርድ ዝም፣ ህጻኑ አፉን ከፍቶ ያያል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሊሳሳሙ ጠጋ ሲሉ ግን አባት ሆዬ መዳፋቸውን እንደ መጋረጃ የልጁ ፊት ላይ ዘረጉት። ጥንቃቄ ነው እንግዲህ፣ ልጅ ክፉ ነገር እንዳያይ።

ኧረ በናታችሁ! ይሄ ምን አይነት ሂሳብ ነው? ልጅ ሲገደል የተከፈተ አይን ሰው ሲሳሳም የሚሸፈነው የትኛው ነው ክፉው? ስክሪኑ ላይ ያለው ልጅ መልኩን ተቀብቶ ነው፣ ዳይሬክተሩ ቁረጥ ሲል ይነሳል፣ ግን ማንን መስሎ እንደወደቀ የሚያውቁ እናቶች በየከተማው አሉ፣ ያን የጫማ ክር በእጃቸው ያሰሩ፣ እና እናንተ በነሱ ልጅ ታጨበጭባላችሁ! ሞቱ ፈንዲሻ ማወራረጃ ሆነ! ዞሬ ልናገራቸው ነበር። አልተናገርኩም፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ እኔም ከነሱ አልሻልም መሰለኝ።

እሺ፣ ተረጋግቻለሁ። ወደ ምስጋናዬ።

የቀረኝ አንድ ነገር ሳያልቅ የመውጣት ጥበባቸው ነው። ፈረንሳዮቹ ላ ኤን፣ ማለት ጥላቻ፣ የሚባለውን ፊልም በፈረንጆቹ 1995 ሲያወጡ፣ ፓሪስ ዳር ያሉ ሶስት ወጣቶች የአንድ ቀን ውሎ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አላን ዡፔ ለካቢኔያቸው እንዲታይ አስደርገው ነበር። ሚኒስትሮች! ስብሰባ ያለባቸው ሰዎች! የኛ ተመልካች ግን ተኩሱ አልቆ ሰው ማውራት ሲጀምር ነው ጃኬቱን የሚያነሳው፣ መውጫው እንዳይጨናነቅ። ሽጉጥ ካልታየ ፊልሙ አልቋል፣ ሌላው ማስታወቂያ ነው።

ወዳጄም አምና እንደዛው መጨረሻው አስር ደቂቃ ሲቀረው «መኪናዋን ላውጣ» ብሎ ነበር ውልቅ ያለው። ሰሞኑን ከፊዚዮቴራፒ ሲወጣ እየደወለ ክፍል 2 መቼ ነው የሚወጣው ይለኛል፣ ያ የሚያነክሰው ሰውዬ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አጓጉቶታል። ሰውዬው እኮ እነዛ አስር ደቂቃዎች ውስጥ ሞቷል፣ ያውም ራሱ ሽጉጥ አያያዝ ባስተማረው የ14 አመት ልጅ እጅ፣ ያውም እያነከሰ ሊሸሽ ሲሞክር ስላልፈጠነ። አልነገርኩትም። ስፖይለር ደስ አይለኝም።