ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ሃድ ሃድ»

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? አንቱ የምንልዎ ለክብር ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በእንግሊዝኛው ሰዋስው «ሃድ» ከ«ሃድ» ጎን፣ ሁለት ሆነው ስለሚመጡም ነው።

ሰሞኑን ደሴ ላይ፣ ለአንዲት የጸሐፊነት ቦታ በተሰጠ ፈተና የሠሩትን ሥራ ሰምተናል። ኮፒና ኦሪጅናል ታቅፎ የጦሳ ብርድ ያቆራመደው ሰልፈኛ ጥያቄ 14 ላይ ደረሰ፦ «ኢፍ አይ ___ መኒ የስተርደይ፣ አይ ውድ ሃቭ ቦት ኢት»። ሀ. ሃቭ፤ ለ. ሃድ፤ ሐ. ሃድ ሃድ፤ መ. ውድ ሃቭ ሃድ። «ሐ»ን ያየ ሁሉ የታይፕ ስህተት ነው ብሎ ሳቀ። አንዷማ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሁለቴ ተጽፏል» አለች። ፈታኙም «አብሽሪ» ብሎ አንዱን በእስክሪብቶ ሰረዘላት። «ለ» እና «ሐ» መንታ ሆነው ቀሩ። መልሱ «ሐ» ነበር! የተሰረዘው እንጀራዋ ነው።

ምን ነበረበት? «የስተርደይ» ያለፈ ነገር መሆኑን ይናገራል። የፊተኛው «ሃድ» ጊዜውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ በቃ። የኋለኛው የ«ሃቭ» ሦስተኛ ቅርጽ ነው፤ ገንዘቡ ያለው እሱ ዘንድ ነው። በቦታው «ሲን» ገብቶ «ሃድ ሲን» ቢባል ማን ይስቅ ነበር?

ደግሞ እኛም ቤት አሉ እኮ! «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ በገዛሁት ነበር» ስንል ያው «ኖረ» ሁለቴ መጥቷል፤ ማንም እስክሪብቶ አያነሳበትም። 12 ዓመት ሙሉ «ኢፍ ሲደመር ፓስት ፐርፌክት» እያሉ ያሸመደዷት ልጅ፣ በገዛ አፏ ያለውን «ኖሮ» የሚያሳያት አንድ ሰው ታጣ? ሦስት ደቂቃ እኮ አይፈጅም!

ሰዋስዉ የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገሮችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እንደ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደርድሯቸዋል፤ እርስዎ ሦስተኛው ጋ ነዎት፤ በረካው ላይ ነው ያለ ምርቃት የሚያስነሱን።

ወደ «ድ» ሲያጥሩም አይታመኑም። «ኢፍ አይድ ኖውን፣ አይድ ሃቭ ከም» ውስጥ ሁለቱ «ድ» ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው፤ ከኋላው «ሃቭ» የተከተለው «ውድ» ነው፣ «ኖውን» ወይም «ሃድ» የተከተለው ራስዎ ነዎት። «ኢፍ»ን ውጠው «ሃድ አይ ሃድ» ብለው ሲመጡማ፣ ተውነው።

ልጅቷ ቅሬታ ልታስገባ ሄዳ ነበር። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ይሁን ተብላለች።