«ለማማና ለኬብል ብቻ ነው» ለምትሉ ትንሽ እርማት

ሰላም ወገኖቼ፣ ከላይ ብዙ ሰው «ለብሮድባንድ (ለፈጣን ኢንተርኔት) የሚመደብ የመንግስት ብር ለማማና ለኬብል ብቻ ነው፣ ለስልጠና ማውጣት የትም ሀገር አይፈቀድም፣ አሜሪካ ራሷ አታደርገውም» እያለ ሲቀባበለው አይቼ ነው፣ ለክርክር አይደለም።

አሜሪካ በፈረንጆቹ 2021 ያወጣችው የመሰረተ ልማት ህግ ለብሮድባንድ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ነበር፣ ከዛ ውስጥ 2.75 ቢሊዮኑ ዲጂታል ኢኩቲ አክት በሚባለው ክፍል ሰው አጠቃቀሙን እንዲማርና ማንም እንዳይቀር የተያዘ ነበር። አዎ በ2025 የትራምፕ አስተዳደር አስቁሞታል፣ ግን ቆመ ማለትና አይፈቀድም ማለት ለየቅል ነው። ያላመነ የህጉን ስም በእንግሊዝኛ (Digital Equity Act) ጉግል አድርጎ ዋናውን ጽሁፍ ይክፈትና «ዲጂታል ሊተራሲ» (digital literacy፣ ቴክኖሎጂውን የመጠቀም እውቀት ማለት ነው) የሚለውን ቃል ይፈልግ፣ ቁልጭ ብሎ አለ።

ይሄን የምለው ወሬው እኛ ሰሜን ሸዋም ስለሚጎዳን ነው፣ «አይፈቀድም» ካልን ስብሰባ ላይ ማን ስልጠና ይጠይቃል? አክስቴ እነዋሪ ገበያ ባቄላ ትሸጣለች፣ ኔትወርክ አለ፣ ስልኳም ስማርት ነው፣ ግን ቴሌብር ገባልሽ ሲሏት ስልኩን ለሱቁ ልጅ ትሰጥና «እስቲ እየው የኔ ልጅ» ትላለች፣ ሚስጥር ቁጥሩንም ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ (ልጁ ጨዋ ሆኖ ነው እንጂ)። ለሷ ሌላ ማማ ቢተከልላት ምን ይጨምርላታል?

መጀመሪያ የጻፍከው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ሼር ስላደረገው ያቺን መስመር ብቻ ብታስተካክላት።