በሬው ሲታመም፣ ሚስት ስትታመም

ቡና እየተጠጣ ነበር ክርክሩ የተነሳው፦ የገበሬ ኑሮ ጤናውን ይበልጥ የሚጎዳው የወንዱን ነው ወይስ የሴቷን? አንደኛው ዕድሜያቸውን በእርሻ ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ ሌላዋ ጎጃም ገጠር ውስጥ ለዓመታት ያገለገለች ነርስ። ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ጡረተኛው ተሳስተዋል።

«ገበሬን የሚጨርሰው ሞፈርና ቀንበር ነው» አሉ። «ወገቡ ይቆረጣል፣ ቡአ ይወጣበታል፣ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማና ሁመራ ወርዶ ወባና ካላዛር ይዞ ይመለሳል። ሴቷ ግን ጥላ ውስጥ ናት።»

ካላዛሩ፣ ያ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ፣ እውነት ነው፤ በዚያ ቆላ በብዛት የሚለክፈው ለቀን ሥራ የሚወርደውን ወጣት ወንድ ነው። ነርሷም አልካደችም። ጥላ የሚለው ነው ያንገበገባት።

«ጥላ የሚሉት ቤት ጭስ ነው ጋሼ። ሲጋራ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ኩበት ላይ ስትጋግር ኖራ ሳንባዋ አልቆ ትመጣለች። ደግሞስ ጤፉን ጎንበስ ብሎ የሚያርመው ማነው? ውሃው በማን ጀርባ ነው የሚመጣው?»

ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ተረት አመጡ፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ። ጤና ኬላ አለ፣ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሴት ናት። ካልተናገሩ ማን ይወቅላቸው?»

ነርሷ አንዲት እናት አነሳች። ወረንጦዋን ማተቧ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው። የዓይኗ ቆብ በትራኮማ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ፀጉሩ ብሌኗን ይወጋታል፤ ጠዋት ጠዋት ልጇ በወረንጦ ይነቅልላታል፣ ከዚያ አረም ትወጣለች። ቀዶ ሕክምናው በዚያው ቀን ቤት የሚያስገባ ነው። ለምን ቀረሽ ስትባል «ማን ይጋግርልኛል?» አለች።

«በሽታውን የደበቀ...» ብለው ጀመሩ ጡረተኛው።

«ዓይኗ ላይ እኮ ነው ጋሼ! መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ ምኑን ደበቀችው?»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትራኮማ ሴቶችን ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ያሳውራል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ በሽታው ሕፃናት ላይ ይበረታል፣ ልጁን የምታቅፈውና ንፍጡን የምትጠርገው እናቱ ናት። በአገራችን ደግሞ ከሁሉም የከፋው አማራ ክልል ነው።

በርግጥ የሚደበቅም አለ። ከወለደች ሳትጠና እንስራ አዝላ ማህፀኗ የወጣባት ሴት ለማንም አትናገርም። በምጥ ቆይታ ፌስቱላ የያዛትም እንዲሁ፤ ሽንቷ ሲያመልጣት ባሏ ወደ እናቷ ይሸኛታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ለፌስቱላ ብቻ ሆስፒታል የተከፈተው እንዲህ የተጣሉት ብዙ ስለነበሩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ያስደበቃትስ? ብትናገር ትፈታለች፣ ዝም ብትል ጨዋ ትባላለች፤ ታዲያ የቱን ትምረጥ?

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። በሬው ሲታመም ሌሊት ጎረቤት ይቀሰቀሳል፣ ሐኪም ይጠራል፣ መድኃኒት መግዣው ከየትም ተበድሮ ይመጣል። ሚስት ስትታመም ጠበል ትሞክር፣ መኸሩ ይለፍ ይባላል። ከተሜውም ከዚህ አይሻልም። ቴሌቪዥኑ ስለ ኩንታል ብቻ ያወራል፣ ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ካሜራ ፊት የሚሸለመው አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነው፣ እሷ ከኋላ ቆማ እልል ትላለች። እኛ ደግሞ የጤፍ ዋጋ ጨመረ ብለን ስናማርር እንሰነብታለን፤ ያረመችው ሴት ዓይኗን ታየው አታየው የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።