ፓውዛውን ወደ መሬት አዙሩት በናታችሁ

ኧረ ፓውዛ ወደ ሰማይ አዙሮ መስቀል ምን ይባላል? በጥር ብርድ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ጣቴ እየደነዘዘ የኦሪዮንን ኔቡላ (ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለችውን የጋዝና አቧራ ደመና) ፎቶ ላነሳ ትሪፖዴን (የካሜራ ማቆሚያዬን) ተከልኩ፣ ኦሪዮን እኛ ጋ አናት ላይ ስለሚወጣ ካሜራው ሽቅብ ሲያይ የትሪፖዱ ጭንቅላት ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ በ50 ሚሜ ሌንስ ደግሞ ከ5 ሰከንድ ብዙ ካለፍኩ መሬት ስለምትዞር ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል፣ ስለዚህ ደብዛዛው ብርሃን እንዲጎላ 300 አጫጭር ፎቶ አንስቼ በኮምፒውተር መደራረብ አለብኝ። 140ኛው ላይ ስደርስ ጎረቤት ያለው ፓውዛ ቦግ! ስክሪኑ ላይ ያቺ ሮዝ ጭጋግ ጠፍታ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ወደ 1,300 ዓመት ተጉዞ የመጣ ብርሃን እኮ ነው፣ አንድ አምፖል ሲውጠው አያናድድም?! አጥፉት አላልኩም፣ ፊቱን ወደ መሬት አዙራችሁ ከላይ ክዳን ነገር አድርጉለት፣ ግቢያችሁም የበለጠ ይታያችኋል።