«እስካሁን እየቃኘህ ነው?»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደሴ፣ የተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ጊታሬን ታቅፌ ተቀምጬ ኤፍ ሻርፕ የሚባለውን ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ድምፅ ባንዴ የሚወጣበትን አያያዝ፣ ይዣለሁ። ማለቴ፣ ልይዝ እየታገልኩ ነው። ጠቋሚ ጣቴ ሁለተኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት የጊታሩን አንገት በብረት መስመር የሚከፋፍለው ነው) ስድስቱንም ክር ተጭኗል። የቀሩት ጣቶቼ ደግሞ እንደ ሸረሪት እግር ተንፈራጠዋል። አራቱ ክር ይጮሃል፣ ሁለቱ እንደታፈነ ሰው «ጥ» ይላል።

በሩ ተከፈተ። አከራዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ እስካሁን እየቃኘህ ነው? መቼ ልትጀምር ነው?»

ጀምሬ ነበር እኮ! አንድ ሰዓት ሙሉ «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን ስጫወት ነበር።

አልወጡም። ቁጭ አሉና «በል እስቲ አምባሰል በለን» አሉ።

እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው። ወሎ ተወልዶ ጊታር የያዘ ሰው ሁሉ አራቱን ቅኝት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ይመስላቸዋል። እርግጥ ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእኛው አገር ስም ናቸው። ትዝታንም ቢሆን ወሎ ለማንም አይለቅም። ግን የባቲ ሰው ሁሉ ባቲ የሚዘፍን ቢሆን ሰኞ ገበያ ላይ ግመሉን ማን ይሸጠው ነበር?

ደግሞ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። ኤግልስ የሚባሉት የአሜሪካ ባንዶች በፈረንጆቹ 1976 ያወጡት ይሄ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የሚሉት ጉድ ግን ስንኙ አንዴ እስኪዞር ስምንት ጊዜ ኮርድ ይቀይራል። ቢ ማይነር፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ከዚያ አረፍኩ ስትል ተመልሶ ኤፍ ሻርፕ። እንደ አበዳሪ ነው፣ ዞሮ ዞሮ በርህ ላይ ታገኘዋለህ።

ዘዴ የለውም አልልም። ሰባተኛው ፍሬት ላይ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚጫን መቆንጠጫ፣ ካሰርክ ቢ ማይነሩን በኢ ማይነር አያያዝ ታገኘዋለህ፣ ሁለት ጣት ብቻ። ኤፍ ሻርፑ ደግሞ በቢ ሰቨን ይሸወዳል። እነሱ ራሳቸው መግቢያውን የተጫወቱት በካፖ ነው።

ካፖ ነበረኝ። አንድ ጓደኛዬ «ለአንድ ሰርግ ብቻ» ብሎ ወሰደው። ሙሽሮቹ ሁለተኛ ልጃቸውን ክርስትና አስነስተዋል፣ ካፖዬ ግን አልተመለሰም። ፒያሳ ሲያገኘኝ ያቅፈኛል፣ የናቴን ጤና ይጠይቃል፣ ማኪያቶ ይጋብዘኛል። ማኪያቶውን እየጠጡ «ካፖዬስ?» ማለት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። አንድ ጊዜ ጨክኜ ጠየቅኩት። «አብሽር!» አለኝ። ይሄው እያበሸርኩ ነው። እርሳስ በላስቲክ ጊታሬ አንገት ላይ ጠፍሬ ሞክሬያለሁ። ሦስተኛው ኮርድ ላይ ላስቲኩ ተበጥሶ ግንባሬን አቃጠለኝ።

አከራዬ ይሄን ሁሉ ስነግራቸው ሳቁና «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» አሉኝ። ተረቱን እኔም እወደዋለሁ። አያቴ ሲተርቱት ነው ያደግኩት። የማልወደው ነገር ቢኖር ሁልጊዜ የሚተረተው ከበሮውን በያዘው ላይ መሆኑ ነው። ተራቾቹ ደግሞ ከበሮ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ! አንድም ቀን ግን ቁጭ ብሎ አስተያየት የሚሰጠውን «አንተስ መቼ ይዘህ ታውቃለህ?» የሚለው የለም።

እሳቸው እንጀራ ሲጋግሩ የመጀመሪያው ማሟሻ ነው። ይቆራረጣል፣ ይጣበቃል፣ ምጣዱ ላይ እንደ ካርታ ይሆናል። ማንም ጭስ ቤት ዘው ብሎ «እስካሁን እያሟሹ ነው?» አይላቸውም። ሰው እኮ ተበላሽቶ የሚማርበት አንድ ክፍል ያስፈልገዋል፣ ለዚያውም ኪራይ የሚከፍልበት! አስተያየት ሰጪው እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት በመስኮት «ትንሽ ፈጠን አድርገው» ትላለች። ውኃ ሊቀዳ የመጣው ልጅ «ይሄ በዩቲዩብ ሌላ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ለመንገዳችን ቢቋቋም ኖሮ አስፋልቱ በሁለት ወር ያልቅ ነበር።

ይሄን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ያልኩት «እሺ እማማ» ነው።

ለማንኛውም ቡና ጠሩኝ። አቦል ጠጣሁ። ቶና ላይ ጣቴ ሳይቀዘቅዝ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ። «በረካን ትተህ ወዴት?» ተብዬ ተቀመጥኩ። ወሬ ለማስቀየር ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። አንድ መንገደኛ በሌሊት ሆቴል ይገባል፣ መውጣት ግን አይችልም።

«ምነው አይወጣም?»

«አይለቁትማ።»

ሲኒውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

«እንግዳ አክባሪዎች ናቸዋ!» አሉ።

ስመለስ መሽቷል። ኤፍ ሻርፕ ላይ ነበርን አይደል? አሁን አምስቱ ክር ይጮሃል። ስድስተኛውን ካፖዬን የወሰደው ይጠየቅበት።